ሳጥን ውስጥ የተኛችው ሴንሰር

ከቢቸና እስከ ሞጣ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ አዲስ ዕቃን ከአገልግሎት የሚጠብቅ አንድ አባወራ የሌለበት መንደር ቢገኝ፣ ያ መንደር ገና አልተመሠረተም ማለት ነው። በእንዲህ ያለው ቤት የሶፋው ላስቲክ ሳይገለጥ ልጆች ተድረው ይወጣሉ፤ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ከነከረጢቱ ያረጃል። የእነዚህ ሁሉ አለቃ፣ ሊቀ ሸፋኞች ክቡር አቶ በላቸው ናቸው፤ በሞጣ የአንድ ዱቄት ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ።

ወጣቷ መሐንዲስ እስከዳር ከእኒህ ሰው ጋር በሠራችባቸው ሁለት ወራት ሳትደነግጥ የዋለችበት ቀን የለም። መጀመሪያ የደነገጠችው፣ የራስ መከላከያ ቆባቸው ቤታቸው ከጥምቀት ልብሳቸው አጠገብ ተሰቅሎ እንደሚኖር ስትሰማ ነው።

«ታዲያ ጋሼ፣ ብረት ቢወድቅብዎትስ?»

«ይሰነጠቃላ!» አሉ ክው ብለው። ቆቡን ማለታቸው ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት የተሸለሙት የመፍቻ ስብስብ እስካሁን አየር አልነካውም፤ ካርቶኑ ላይ ባለቤታቸው የሠሩት ዳንቴል ተደርቦበታል። ቡሎን የሚፈቱት አፉ በተበላ አሮጌ መፍቻ፣ እየተራገሙ ነው። «እንዳይጎዳ!» የእምነታቸው አንቀጽ ይህች አንዲት ቃል ናት።

እስከዳር ያመጣቻት ሴንሰር ከክብሪት ቀፎ አትበልጥም፤ በማግኔት ማሽኑ ላይ ተጣብቃ ሙቀቱንና ንዝረቱን እየለካች ወደ ኮምፒውተርና ወደ ስልክ ትልካለች። ዘንጉን የተሸከመው ኩሽኔታ ሊሰበር ሲቃረብ ንዝረቱ ቀድሞ ይናገራልና። ዓምና የዋናው ማራገቢያ ኩሽኔታ ሳይታሰብ ፈንድቶ ፋብሪካው አሥራ አንድ ቀን ተዘግቷል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ስርጉት ቁርጡን ነግረዋታል፦ «የሦስት ወር ሙከራ ነው። ማራገቢያው ሳትነግሪኝ ከቆመ መሣሪያሽን ጠቅልለሽ ትሄጃለሽ።»

ቀስ እያለ ሲያሻቅብ የሰነበተው የማራገቢያው ንዝረት ሐሙስ ዕለት ድንገት ወረደ። ሙቀቱ ሃያ አንድ ዲግሪ፤ መስመሩ እንደ ተኛ ሕፃን የረጋ። በዚያው ጠዋት አቶ በላቸው ግራሶ ቀብተውት ነበርና እስከዳር በደስታ «ፍጹም ጤናማ» ብላ ጻፈች። ሰኞ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ግን የማሽኖቹ ሁሉ መስመር ወድቆ ሲነሣ፣ የማራገቢያው ንቅንቅ አላለም። የፈጣሪ ያለህ! ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ማራገቢያው እያገሣ ነው። ሴንሰሯ ግን ቦታዋ ላይ የለችም።

«ጋሽ በላቸው! ሴንሰሯስ?»

«አለች ልጄ፣ አታስቢ።» ከመሣሪያ ሳጥናቸው በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለች ነገር አወጡ። «ይህን የመሰለ ዕቃ ዱቄትና ግራሶ ላይ ይጣላል? እንግዳ ሲመጣ እለጥፋታለሁ ብዬ ነው። እንዳይጎዳ!»

«አራት ቀን ሙሉ የሳጥንዎን ጤና ነው የጻፍኩት?»

«ሳጥኑማ ደህና ነው።»

ነጥቃ ማሽኑ ላይ ለጥፋት ስልኳን ብታይ፣ መስመሩ ዘልሎ ቀዩ የአደጋ ክልል ውስጥ ገባ። «አጥፉት!» ብላ ጮኸች። ማሽኑ ቆሞ ሲከፈት የኩሽኔታው ቀለበት ተሰንጥቋል፤ ኳሶቹ ተቆራርሰዋል። ሌላ ግማሽ ቀን አይቆይም ነበር።

መለዋወጫ ቢጠየቅ ባሕር ዳር የለም፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ ሳምንት ይፈጃል። ወሬውን ሰምተው የወረዱት ወይዘሮ ስርጉት ወደ እስከዳር ዞረው «ቃሌን ታስታውሻለሽ» አሉ።

አቶ በላቸው ሹልክ ብለው ወጡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በአንድ እጃቸው ያን ባለ ዳንቴል ካርቶን ይዘው፣ በብብታቸው በላስቲክ፣ በጨርቅና ዘይት በጠጣ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሸጉጠው ተመለሱ። ኩሽኔታ! ፋብሪካው ሲከፈት ከማሽኑ ጋር የመጣው መለዋወጫ፣ እንደ ብር እያብረቀረቀ።

ወይዘሮ ስርጉት ግድግዳውን ተደገፉ። «ዓምናም ነበረዎት? አሥራ አንድ ቀን ስንዘጋ?»

«ነበረኝ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «ልከፍተው አላስቻለኝም። ዓምና የቆመው ማሽን ነው፤ ዘንድሮ ግን ይቺ ልጅ ልትሄድ ነው።»

ከዚያም ማንም አያለሁ ያላለው ሆነ፤ የመፍቻውን ካርቶን ቀደዱት። እስከዳር የላስቲኩን ድምፅ ስትሰማ የራሷ ቆዳ የተቀደደ መሰላት።

ማታ ከመውጫ ሰዓት በፊት ማራገቢያው ተነሣ፤ ሴንሰሯም ራቁቷን ዱቄት ለብሳ መሥራት ጀመረች። ዘይት የጠጣው ወረቀት ወለሉ ላይ ወድቋል። እስከዳር ጎንበስ ብላ አነሣችው፤ በእጥፋቱ አጠፈችው፤ በአቶ በላቸው ሳጥን፣ ሴንሰሯ በተኛችበት ነጠላ ጠቅልላ አስቀመጠችው።

«ምን ይሠራል ብለሽ ነው?» አሉ አቶ በላቸው።

«እንዳይጎዳ ነው ጋሼ።»