ከግድግዳው ማዶ ያለው ሙቀጫ

መቀመጥ የማይሆንላቸው ሰዎች አሉ። እግራቸው ከጠረጴዛ ሥር ለብቻው መንገድ የሚሄድ፣ ጣታቸው ያገኘውን ነገር ሁሉ የሚያንኳኳ፣ ስብሰባ ገና ሊጀመር ሲል በሩን የሚያዩ። እናንተ ከእነዚህ ባትሆኑ እንኳ አንዱ አጠገባችሁ ሳይኖር አይቀርም። እኔ ግን ነኝ። ባለቤቴ ሶፋ ላይ አጠገቤ መቀመጥ ካቆመች ቆይታለች፤ ኮብልስቶን ላይ በባጃጅ የምሄድ ይመስለኛል ትላለች። አንድ ጊዜ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ሐኪሙ ራሱ እግሩን ሲያወዛውዝ አይቼ ጉንፋን ነው ብዬው ተመለስኩ።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው መንግሥት ምን አደረገው? ወንበር ሰጠው። የምሠራው ደብረ ታቦር ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ቡና የማይጠጣበት መሥሪያ ቤት ስለሌለ ሁሉም የኛ ነው ብሎ ቢያስብ አልቀየምም። ከጉና በኩል የሚመጣው የጠዋት ብርድ እስኪለቀን ድረስ ካፖርታችንን ሳናወልቅ ማኅተም እንመታለን። ብርዱ ለኔ ባለውለታዬ ነው፤ እግሬ ሲንቀጠቀጥ በሱ አሳብባለሁ።

ጠረጴዛዬ ከግድግዳ ጋር የተጠጋ ነው። ከግድግዳው ማዶ ቀድሞ ዕቃ ቤት የነበረች ጠባብ ክፍል አለች፤ በውስጧ እትዬ ጥሩወርቅ አሉ። እትዬ ጥሩወርቅ የመሥሪያ ቤቱ ቅጥር ሠራተኛ አይደሉም። ቡና አፍልተው ያጠጡናል፣ እኛ በየወሩ እናዋጣላቸዋለን፣ የሚተዳደሩትም በዚሁ ብቻ ነው። ጠዋት ከጋፋት በኩል በእግራቸው ይመጣሉ፣ ጥሬውን ቡና ያጥባሉ፣ ይቆላሉ፣ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ዘነዘናውን አንሥተው መውቀጥ ይጀምራሉ።

ይህን ድምፅ እንደ ቀላል ነገር እንዳታዩት። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ባትሪው ካለቀ ዘመን ሆኖታል፤ እኛ የምንተዳደረው በሙቀጫው ነው። ሙቀጫው መሰማት ሲጀምር ፋይል ይከደናል፣ መነጽር ይወልቃል፣ የተኳረፉ ሰዎች ሳይቀሩ ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ ይጀምራሉ። ባለጉዳዩም ያውቀዋል። ከገሳይ የመጣ ገበሬ ማንም ሳይነግረው ተነሥቶ ደጅ ፀሐይ ላይ ቁጭ ይልና ስንቁን ይፈታል፤ ሲኒ ሲታጠብ ሲሰማ ደግሞ ነጠላውን አራግፎ ይገባል፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ወንበራችን ላይ እንዳለን እርግጠኛ ነው። በራችን ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር የዚህን ያህል ሲከበር አላየሁም።

አንድ ጠዋት ታዲያ ምቱ ተበላሸ።

እንደኔ ያለ ሰው መቼም ምት ያውቃል። ዘነዘናው ሁለት ጊዜ ወረደና ዝም አለ። እንደገና ጀመረ፤ ከሳ ያለ፣ የተጎተተ ድምፅ። በማግስቱም እንደዚያው። ሌሎቹ አላስተዋሉም፤ እኔ ግን ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ በእያንዳንዱ ዝምታ ትንፋሼን እይዛለሁ። አላስቻለኝም፤ ተነሥቼ ሄድኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ቀኝ ትከሻቸውን በመቀነት ጥፍር አድርገው አስረው በግራ እጃቸው ይወቅጣሉ። ግንባራቸው በዚያ ብርድ ላብ አውጥቷል።

ምን ሆኑ ብላቸው መጀመሪያ ምንም አሉ። ኋላ ላይ ግን ሐኪሙ ትከሻቸው እንዳለቀ፣ ክንዳቸውን ካላሳረፉት ጭራሽ እንደማይነሣላቸው እንደነገራቸው አወጡት። ሰው ያግዝዎ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«አደራ፣ ይሁኔ፤ እነሱ የሰሙ እንደሆን ሌላ ጉልበት ያላት ያመጣሉ» አሉኝ። «እኔ ከዚህ ወጥቼ ወዴት እሄዳለሁ?»

አደራ መቀበል ለተቀመጠ ሰው ይቀላል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭራሽ እረፍት አጣሁ። ሙቀጫው ሲጀምር እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። በመጨረሻ አንድ ብልሃት መጣልኝ፤ በጣም የረካሁበት ብልሃት ነበር። በወሩ የቡና ስብሰባችን ላይ (አዎ፣ የቡና ስብሰባ አለን፤ ኮሚቴም አለው) እጄን አውጥቼ ከእንግዲህ ጥሬ ቡና መግዛት ትተን የተፈጨውን፣ የታሸገውን እንግዛ አልኩ። ዘመኑ ነው አልኩ። ጊዜ ይቆጥባል አልኩ። ስለ ትከሻ ትንፍሽ አላልኩም።

ሰዎቹ በአገር ክህደት የከሰሱኝ ያህል አዩኝ። የዕቅድ ክፍሏ ባዩሽ፣ በበጀት ጉዳይ ሁለት ቃል የማትናገረው ሴት፣ ተነሥታ ስለ ፍሬ ቡና የተናገረችውን ብትሰሙ አገር የሚወረር ይመስላችኋል። የታሸገ ቡና ሽታው በመንገድ ያልቃል፤ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅ፤ ገብስ ይሁን ሽምብራ የሚያውቀው የፈጨው ብቻ ነው አለች። ከኋላ የተቀመጠ አንዱ ደግሞ የይሁኔ ዘመድ ሱቅ ከፍቶ ይሆናል ብሎ አንሾካሾከ፤ ሹክሹክታው እኔ ድረስ እንዲደርስ አድርጎ ነው ያንሾካሾከው። እኔም እልህ ያዘኝና የተፈጨ ቡና ሥልጣኔ መሆኑን በሰፊው አስረዳሁ።

ይሄኔ ኃላፊያችን አቶ ታደለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ ታደለ ከከፋ በኩል ተዛውረው የመጡ፣ ቡና ከጓሯቸው ሲለቀም እያዩ ያደጉ፣ ነገር የሚያመዛዝኑ ሰው ናቸው። የችግሩ ምንጭም ይኸው ማመዛዘናቸው ሆነ።

«የተፈጨ ከሆነማ ጥሩ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «እሱን ውሃ ላይ መጨመር ለማን ይቸግራል? እኛው በየተራ እናፈላዋለን።»

እግሬ መንቀጥቀጡን አቆመ። ፍሬ ቡና ከሆነ እትዬ ጥሩወርቅ ክንዳቸውን ያጣሉ፤ የተፈጨ ከሆነ ደግሞ እንጀራቸውን፤ ይህን ሁለተኛውን ገደል የቆፈርኩት እኔ ነኝ፣ ያውም በንግግር አሳምሬ። በሩ ሥር ሲኒ የሚሰበስቡት እትዬ ጥሩወርቅ ቀና ብለው አላዩኝም። ተንተባትቤ፣ ለሙከራ ያህል እሳቸው ያፍሉት፣ ከዚያ እናያለን አልኩ። ተስማሙ።

ሙከራው ተጀመረ። የታሸገው ቡና መጣ፣ ሙቀጫው ተደፍቶ ጥግ ተቀመጠ፣ የእትዬ ጥሩወርቅ ክንድ አረፈ፣ መሥሪያ ቤቱ ግን አበደ። ድምፅ የለማ! ቡናው መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ ጠፋ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አንዱ ብቅ ብሎ ያያል፣ አልደረሰም፤ ይመለሳል። ሌላው ይወጣል። ባዩሽ ወረቀት ፍለጋ እያለች ኮሪደሩን ስትመላለስ ዋለች። ቡናው ሲደርስ የሚጠጣው የለም፤ ሰዎቹ ሲመጡ ቀዝቅዟል። ዕድሜዬን ሙሉ ለብቻዬ የተሸከምኩት በሽታ በሁሉም እግር ላይ ወጣ። እንዲያው አንዳንዴ ደስ ይለኝ ነበር፣ ይቅር በሉኝ።

ባለጉዳዩ ግን ደስ አላለውም። መቼ መውጣት፣ መቼ መግባት እንዳለበት ጠፋበት። ሲገባ ወንበሩ ባዶ፣ ሲወጣ ሰውየው ተመልሷል። አንድ ከአንበሳሜ የመጡ አዛውንት ከበር በር ሲንከራተቱ አርፍደው አቶ ታደለ ፊት ቆሙና «ጌታዬ፣ ሙቀጫውን ማን ወሰደባችሁ?» አሉ። አቶ ታደለ ሲያመዛዝኑ ዋሉ። ማታውን፣ ሰው ወደየቤቱ ሊሄድ ሲል፣ የታሸገው ቡና እንዲቀር፣ በማግስቱ ጠዋት ፍሬው እንዲመለስ፣ እትዬ ጥሩወርቅም እንደ ቀድሞው በአራት ሰዓት እንዲወቅጡ ወሰኑ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እትዬ ጥሩወርቅ እግዜር ይስጥልኝ ብለው እጅ ነሡ፤ ቀኝ ክንዳቸው ግን ከነጠላው ሥር አልወጣም።

በማግስቱ የተቆላው ቡና ሽታ በግድግዳው በኩል መጣ። ሽታው ደረሰ፣ ዘነዘናው ግን አልጀመረም። ኮሪደሩ ላይ ሰው ጆሮውን አቁሟል። አንድ ጊዜ ድም አለ፤ ከዚያ አንድ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ፤ የሙቀጫ ሳይሆን የሰው ነበር። ተነሣሁ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ ካፖርቴን አወለቅሁና ዘነዘናውን ከእጃቸው ወሰድኩ። በአገራችን ከረባት ያሰረ ወንድ ቡና ሲወቅጥ ቢገኝ ምን ስም እንደሚወጣለት ለናንተ አልነግርም፤ ታውቁታላችሁ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነን። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሥርዓቱ ተመልሷል። ባዩሽ ፍሬ ቡና ማለት ይህ ነው እያለች ሁለት ሁለት ሲኒ ትጠጣለች። አቶ ታደለ ባለፈው ስብሰባ ላይ እትዬ ጥሩወርቅን አመስግነው፣ ከሙከራው ወዲህ ክንዳቸው እንዴት እንደበረታ ለሁላችንም ምሳሌ አድርገው አነሡት። ወዲያው ወደኔ ዞሩና፣ ሌላው ሠራተኛ ሙቀጫው ሲሰማ ይነሣል፣ አንተ ግን ከሙቀጫውም ቀድመህ ከወንበርህ ትጠፋለህ ብለው በቃል አስጠነቀቁኝ። አጠፋሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ምን ልበል?

ዛሬም በሰዓቱ ጠፋሁ። ማስጠንቀቂያው ከንክኖኝ ነው መሰለኝ ዘነዘናውን እያጣደፍኩ አወርዳለሁ፣ ፍሬው እየዘለለ መሬት ይወድቃል። እትዬ ጥሩወርቅ ዱካቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ክንዳቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው አዩኝ።

«ቀስ በል፣ ይሁኔ» አሉኝ። «እንዲህ ከቸኮልክ እኔ አለመሆኔ ይታወቃል።»

ቀስ አልኩ። ደጅ ላይ ባለጉዳዮቹ ስንቃቸውን ሊፈቱ ሲወጡ ይሰማኛል፤ እግሬን ባየው መሬቱን ረግጦ ዝም ብሏል።