የእርማት ክፍሉ እንቅልፋም

በዓለም ላይ እንቅልፋም የሌለው መሥሪያ ቤት የለም። ማኅተም የሌለው ይኖራል፤ ሥራ አስኪያጅ የሌለውም ለወራት ሲሠራ አይቻለሁ። እንቅልፋም ግን የግድ ነው። ጠረጴዛው መስኮት አጠገብ ነው፤ አንገቱ የጎማ ነው፤ ሲቀሰቅሱትም መልሱ የትም ቦታ አንድ ነው፦ «ማን ተኛ? ዓይኔን አሳረፍኩ እንጂ!»

የእኛ ማተሚያ ቤት እንቅልፋም የእርማት ክፍሉ አንጋፋ ነበሩ። ስማቸውን የሚጠቀመው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው፤ ለሌሎቻችን «ክቡርነታቸው» ነበሩ። ማዕረጉን የሰጣቸው የገጽ አቀናባሪያችን ነው። አንድ ቀን በሩን ከፍቶ ሲገባ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው፣ ቀዩን እስክሪብቶ እንደ በትረ መንግሥት ቀጥ አድርገው ይዘው አገኛቸው፤ እጅ ነስቶ ወጣ። እስክሪብቶው ከእጃቸው አይለይም ነበር። የፈለገውን ያህል ቢተኙ አይጥሉትም።

እርማት የሚሠራው በጥንድ ነው። አንዱ ረቂቁን ድምፁን ከፍ አድርጎ ከነሥርዓተ ነጥቡ ያነባል፤ ሌላው የታተመውን ገጽ ይከተላል። አሥራ አንድ ዓመት የእሳቸው ጥንድ ነበርኩ። ሲያነቡ ነጠላ ሰረዝ ላይ ይተኙና አራት ነጥብ ላይ ይነቃሉ፤ የመካከሉን እኔ ራሴ አንብቤ እጨርሰዋለሁ። የሚያናድደው፣ ተራው የእኔ ሲሆን ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ «ቆይ፣ አንዲት ቃል ዘለልክ» ይሉኛል። ተመልሼ ሳይ ዘልያለሁ።

የሻይ ዕረፍታችን በሩብ ሰዓት ያጠረውም በእሳቸው ድጋፍ ነው። በስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ሐሳቡን አቅርበው አዳራሹን ሲቃኙ፣ ከፊት ወንበር አንድ የተከበረ ጭንቅላት ቀስ ብሎ ወረደ፤ ቀና አለ፤ ደግሞ ወረደ። «አንጋፋዎቻችን ከተስማሙ ሌላው ምን ቀረው!» ብለው አጸደቁት። ስንወጣ አቀናባሪው ኮታቸውን ይዞ አስቀራቸው።

«ክቡርነትዎ፣ ሻያችንን ሸጡት እኮ!»

«የምን ሻይ?» አሉ፣ ዓይናቸውን እያሹ።

የአውቶቡስ ሾፌሮች ሁሉ ያውቋቸዋል። ቤታቸው አምስተኛው ፌርማታ ላይ ሆኖ ሳለ በሳምንት ሁለት ሦስቴ መጨረሻው ድረስ ይሄዳሉ። ጥርስ ሐኪም ጋ አፋቸውን እንደ ከፈቱ ተኝተው፣ ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ «ዝጉት» እያለ ሲለምናቸው ነበር አሉ። እኔ አላየሁም፤ ግን አምናለሁ።

ከዚህ ሁሉ ሳቅ መካከል እሳቸው ቁም ነገር ይናገሩ ነበር። አሁን ሳስበው ደጋግመው ተናግረዋል። ጠዋት ሲገቡ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ደግፈው «አንተ ልጅ፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኝቼ ድንጋይ ሲያሸክሙኝ ያደሩ ይመስል ደክሞኝ እነሳለሁ፤ ራሴንም ይፈልጠኛል» ይሉኝ ነበር። ሻያቸውን ያለ ስኳር መጠጣት ከጀመሩ ቆይተዋል። የደም ግፊት ኪኒናቸው አንድ ነበር፤ ሁለት ሆነ፤ ሦስተኛው ሲጨመር አቀናባሪው «ለእንቅልፍዎ ማን ኪኒን ይሰጠናል?» አላቸው። ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ።

ወደ እኔ ድርሻ ልምጣ።

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ የመማሪያ መጻሕፍት እርማት ለማጣራት ወደ ቅርንጫፍ ማተሚያ ቤቱ ሁለታችን ተላክን። የተሰጠን አንድ ክፍል ሁለት አልጋ ነበር። ገና መብራቱ ሲጠፋ ማንኮራፋት ጀመሩ፤ መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ነበር ብል ጥቂት ነው የማጋንነው። ከዚያ ድንገት ጸጥ አለ። ተመስገን አልኩ። ጸጥታው ግን ረዘመ። ትንፋሽ የለም። ለጨዋታ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ፤ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ፤ ሠላሳ አንድ ላይ፣ አየር የሳበ የውኃ ፓምፕ ሲነሣ እንደሚያደርገው፣ አንቋርረው ተነፈሱ። ደግሞ ማንኮራፋት፤ ደግሞ ጸጥታ። እስኪነጋ እንዲያ ነበር። አንዴም አልቀሰቀስኳቸውም። ተናድጄ ነበር፤ ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለመሥሪያ ቤቱ የምወስደው ወሬ ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወሬው ትርኢት ሆነ። ወንበር ላይ ተንጋልዬ፣ አፌን ከፍቼ አንኮራፋለሁ፤ ድንገት አቆማለሁ። አቀናባሪው ሰዓቱን አውጥቶ ይቆጥራል፤ ሰው ሆዱን ይዞ ይጠብቃል፤ በመጨረሻ ፓምፑን አስነሣለሁ። በየሽኝቱ «ክቡርነታቸውን ሥራልን» እየተባልኩ አምስት ዓመት ሠራሁት። በጣም የሚያስቀው ዝምታው ነበር። አንዳንዴ ከወዲያኛው ክፍል ሳቃችንን ሰምተው ይመጡና «ምን አገኛችሁ?» ይላሉ። ማንም አይነግራቸውም። በደፈናው አብረውን ይስቁ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት እሳቸው ያነባሉ፤ እኔ እከተላለሁ። አንድ ቃል አፋቸው ውስጥ ተወለካከፈና ጭንቅላታቸው ጠረጴዛው ላይ አረፈ። አቀናባሪው «ዛሬስ በጠዋቱ ተጀመረ» አለ። እኔም እንደ ልማዴ ዓረፍተ ነገሩን አንብቤ ጨረስኩ፤ ሌላም ገጽ ጨመርኩ። ከዚያ ነው መሬት ላይ ቀዩን እስክሪብቶ ያየሁት።

ስትሮክ ነው ተባለ። በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ስደርስ ወጣቷ ሐኪም ከባለቤታቸው ጋር ኮሪደር ላይ ቆማ ነበር።

«ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየወሰዱ ግፊታቸው ለምን እንዳልወረደ አልገባኝም» አለች። «እንቅልፋቸው እንዴት ነው?»

«ምን ይወጣለታል! የትም ቦታ ይተኛሉ።»

«ሲያንኮራፉ ትንፋሻቸው ይቋረጣል?»

ባለቤታቸው የነጠላ ጫማቸውን ጫፍ ማየት ጀመሩ። «ልጃችን ካገባች ወዲህ በእሷ ክፍል ነው የምተኛው፤ ድምፁን አልቻልኩትም። በሩን ዘግቼ ነው የምተኛው፣ የኔ ልጅ።»

«ሌላ አብሯቸው ያደረ ሰው የለም?»

«እኔ አድሬያለሁ» አልኩ።

በቃላት ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ስለዚህ እዚያው ኮሪደር ላይ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተንጋልዬ ሠራሁት። አንኮራፋሁ፤ አቆምኩ። ሐኪሟ ሰዓቷን አየች። ባለቤታቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ስጨርስ የሳቀ የለም።

«ይሄን መቼ ነው ያዩት?»

«አምስት ዓመት ሆነው።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለሁሉም ሰው» አልኩ። ከእሳቸው በስተቀር፣ እውነት ነበር።

ሐኪሟ ሳትቸኩል አስረዳችን። ሲተኙ ጉሮሯቸው ይዘጋል፤ አየር ሲያጥር ሰውነት ይደነግጣል፤ ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል፤ ለቅጽበት ይነቃሉ፤ ግን አያስታውሱትም። «ተኝተው አያድሩም» አለች፣ «ሲታነቁና ሲነቁ ነው የሚያድሩት። ቀን ቀን የሚተኙት ለዚህ ነው። ለልብም፣ ለግፊትም፣ ለስኳርም ጥሩ አይደለም።» ከዚያ ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ፣ «ለስትሮኩ ምክንያት ይሄ ብቻ ነው አልልም» ብላ ጨመረች። ሥራዬ ቃል መመዘን ነው። «ብቻ» የተባለችው ቃል ለእኔ በልክ የተሰጠች ምጽዋት እንደ ሆነች ገብቶኛል።

ዛሬ ሌሊት ሌሊት አየር የሚነፋ ጭንብል አድርገው ይተኛሉ። ግፊታቸው ወርዷል፤ የራስ ምታቱም ጠፍቷል። ቀን ዓይናቸው ፍጥጥ ያለ ነው፤ ጋዜጣ ሳነብላቸው የምዘላትን እያንዳንዷን ቃል ይይዛሉ። ቀኝ እጃቸው ግን እስክሪብቶ አይጨብጥም፤ መሥሪያ ቤቱም ጡረታ አውጥቷቸዋል። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ያጡትን ንቃት አሁን፣ የሚታረም ገጽ በሌለበት ቤት፣ ከጠዋት እስከ ማታ አገኙት። መስኮት አጠገብ ያለው ጠረጴዛቸው ላይ ካርቶን ተከምሯል። አዲሱ ጥንዴ ጎበዝ ነው፤ አይተኛም፤ ከእሱ ጋር መሥራት እንዴት እንደሚሰለች ለማንም አልነግርም።

ባለፈው ቅዳሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ያንን ክፍል፣ ቆጠራውን፣ የአምስት ዓመቱን ትርኢት። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ቁጣቸውን ጠበቅሁ።

«ያስቅ ነበር?» አሉ በመጨረሻ፣ ትንሽ በሚጎተተው አንደበታቸው።

«በጣም፣ ጋሼ።»

«እኔ ብቻ ነኛ ያላየሁት። እስቲ ሥራው።»

«ተዉኝ ጋሼ፣ አልችልም።»

«ሥራው አልኩህ!»

ወንበሩ ላይ ተንጋለልኩ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ አፌን ከፍቼ አንኮራፋሁ። መጀመሪያ ላይ ሲስቁ ሰማኋቸው። ከዚያ ትንፋሼን ያዝኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ወንበራቸው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ግራ እጃቸው ትከሻዬን ጨምድዶ ነቀነቀኝ።

«በቃ! ተንፍስ፣ አንተ ልጅ!» አሉ ደንግጠው። «ተንፍስ!»

አራት እንኳ አልሞላም ነበር።