አራት ጣት ከፍታ

መኪናዋ ከፍ ትበል ወይስ ባለመኪናው ዝቅ ይበል? ጥያቄው የአባቴ ነው። መልስ የሚጠበቀው ከእኔ ነው፤ እኔም እስካሁን አላገኘሁትም። እሑድ ቀትር ላይ ደግሞ ሕልም አየሁ፤ ጋሽ እብሬ ጋራዥ ውስጥ፣ ከአሮጌ አውቶቡስ በተነቀለ ወንበር ላይ ተጋድሜ። ሕልሙም ቢሆን ጥያቄውን አባሰው እንጂ አልመለሰልኝም።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። አባቴ መምህር ጓንጉል ሠላሳ አራት ዓመት ልጆችን ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። መጽሐፍ ሲገልጡ «ፊደሉ ጉንዳን ሆኖ ይሄድብኛል» ይላሉ። ሞራ የሚገፉ ሐኪሞች ማክሰኞ ለአንድ ቀን እኔ ወዳለሁበት ወደ ኮምቦልቻ ይመጣሉ ተብሎ የአባቴን ስም አስመዝግቤያለሁ። ያ ቀን ካለፈ ክረምቱ ይገባል፤ ከአባቴ ቀበሌ በታች ያለው ወንዝ ይሞላል፤ እስከ መስከረም ከዚያ የሚወጣም የሚገባም የለም።

ችግሩ ድንጋዩ ነው። አባቴ ደጅ ሳይደረስ ድንጋይ ብቻ የሆነ ረጅም አቀበት አለ። በግንቦት ላያቸው ስሄድ አንዱ ድንጋይ የመኪናዬን ሆድ ቀደደው፤ ዘይቷ እዚያው ፈሰሰ። መኪናዬ አራቱም ጎማ የሚጎትት አሮጌ ስቴሽን ዋገን ናት። ጉልበት አላት፤ ቁመት የላትም። ሰፈሩ «ዔሊ» ይላታል። በበሬ ጎትተው ሲያወጧት አባቴ ከአጥራቸው ሥር ቆመው በጆሯቸው ይከታተሉ ነበር።

«ዘጠኝ ዓመት ባሕር ማዶ የተማርከው ምን ነበር?» አሉኝ።

«መንገድ ነው አባዬ። የመንገድ ሥራ።»

«እህ! መንገድ ተምረህ መንገድ አጣህ?» የበሬዎቹ ባለቤት ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «በል፣ ወይ መኪናህን ከፍ አድርገህ ና፤ ወይ ራስህን ዝቅ አድርገህ በእግርህ ና። የቱ እንደሚቀልህ አንተ ታውቃለህ።»

አላውቅም ነበር። የሚቀል የመሰለኝን አደረግሁ። ከተማርኩበት አገር አራት ረጃጅም ሞላ በሰው እጅ አስመጣሁ፤ መኪናዋን ከመሬት አራት ጣት ከፍ የሚያደርጉ ናቸው። ሐሙስ ዕለት ካርቶኑን የኋላ ወንበር ላይ ጭኜ፣ ዔሊን እንደ ልማዷ በጎረቤት አስገፍቼ፣ ጋሽ እብሬ ጋ አደረስኳት። እዚያ አገር ይህ ሥራ አንድ አጭር ስም አለው። በአማርኛ ምን እንደሚባል ባስብ ባስብ አልመጣልኝ አለ።

«ጋሼ፣ በደንብ እንድትነሳልኝ ነው የምፈልገው» አልኩት።

«እምቢ ብላ የት ትደርሳለች!» አለ ጋሽ እብሬ። «ለእኔ ተዋት። እሑድ መጥተህ ትወስዳታለህ።»

እሑድ ስደርስ ዔሊ በክሪክ ተነስታ፣ ጎማዎቿ አየር ላይ ተንጠልጥለው አገኘኋት። ደስ አለኝ። ከሥሯ የጋሽ እብሬ ሁለት እግሮች ብቻ ይታያሉ። «አንዲት ዳዶ ማጥበቅ ቀርቶኛል፣ አረፍ በል» አሉኝ እግሮቹ። አረፍ አልኩ። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ወዲያው እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

በሕልሜ የተኛሁበት ወንበር ላይ መኪናዎች ተደርድረው ተራ ይጠብቁ ነበር። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰው ይዘው መጥተዋል። አንዷ ፒክአፕ ሾፌሯን በገመድ ጎትታ ነው ያመጣችው። ዔሊም እኔን ይዛ መጥታለች። የፊት መብራቶቿን ከደን ገለጥ እያደረገች ከጎኗ ከተቀመጠ የጭነት መኪና ጋር ታወራለች።

«ያንተው ምን ሆኖ ነው?» አለችው።

«ዳገት ሲያይ ያጉረመርማል። ያንቺስ?»

«የእኔው ጉልበት አለው። ሆዱ ነው ዝቅ ያለብኝ። ትንሹ ነገር ሁሉ ይነካዋል።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሠላሳ አምስት። ዘጠኙን ውጭ አገር ነው የተነዳው።»

«ውይ!» አለ የጭነት መኪናው ከልቡ አዝኖ። «እንግዲያ መለዋወጫ አይገኝለትም።»

ጋሽ እብሬ ከሰማይ መጣ። የጋራዡ ጉድጓድ ሰማይ ላይ ነበር የተቆፈረው፤ እሱም እዚያ ውስጥ በደረቱ ተኝቶ ቁልቁል ይሠራል። ጉልበቴን በመዶሻ መታ መታ አደረገና ጆሮውን አስጠጋ።

«ሞላው ደክሟል» አለ። «ስንት ጣት ይነሳልሽ?»

የጠየቀው እኔን አይደለም፤ ዔሊን ነው።

«አራት ጣት።»

«የማን ጣት?»

ይሄን ማንም አላሰበበትም። መኪናዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጣት ያለው የለም። የእኔን እንዳላቀርብ እጄ ኪሴ ውስጥ ተቆልፎ ቀርቷል። በመጨረሻ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የብየዳ ጓንት «እኔ አለሁ» ብሎ ወረደ። ጣቶቹን ዘረጋቸው። አራቱም እያንዳንዳቸው የቤት ምሰሶ ያክሉ ነበር። ማንም አልሳቀም፤ «አራት ጣት ያው አራት ጣት ነው» ተባለ።

እኔም ተነሳሁ። ጉልበቶቼ ሥር አዲስ ሞላ ገባና ጭንቅላቴ ቆርቆሮውን እንደ ነጠላ ገለጥ አድርጎ ወጣ። ከጣራው በላይ ንፋስ አለ፣ ጸጥታ አለ፣ ሌሎች ሰዎችም አሉ። ሁሉም ከረባት አስረዋል። ሁለቱን አወቅኋቸው፤ እዚያ አገር አብረውኝ የተማሩ ናቸው።

«አንዳርጌ! ስንት ጣት ሆንክ?» አለኝ አንደኛው።

«አራት። እናንተ እግራችሁ የት ነው?»

ወደ ታች ተመለከቱ። ከዳመና በቀር የሚታይ የለም።

«ታች ወኪል አለን» አለ ሁለተኛው። «በዓመት አንድ ጊዜ ስለ እግራችን ሪፖርት ይልክልናል።»

ልጠይቀው የፈለግሁት ነገር ነበር፤ ግን ከተማው መውጫ ላይ ደርሻለሁ። ዔሊ ጀርባዬ ላይ ወጥታ ቀበቶዋን አስራለች። ኬላው ላይ አንዲት አህያ መነጽር አድርጋ የሰው ዓመታዊ ምርመራ ታካሂዳለች። ሰልፉ ረጅም ነው። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ በጭስ ምክንያት ተመለሰ፤ ሲጋራ ያጨስ ነበር። ተራዬ ሲደርስ አህያዋ መሰላል ላይ ወጥታ ጥርሴን ቆጠረች።

«ጥሩምባ!»

አስነጠስኩ።

«ፍሬን!»

ምን ላድርግ? ግራ ቢገባኝ ይቅርታ ጠየቅኋት።

«ፍሬን አለው» ብላ ጻፈች። «ጭነት?»

«አንድ አባት።»

«የሚያይ ነው የማያይ?»

«ማክሰኞ ከደረሰ የሚያይ፤ ካልደረሰ የማያይ።»

መነጽሯን አወለቀች። «ታዲያ እዚህ ቆመህ ምን ታወራኛለህ?» አለችና ቦሎውን በምላሷ አርሳ ግንባሬ ላይ ለጠፈችው።

ሮጥኩ። አቀበቱ ሥር ስደርስ መንገድ የለም። የዔሊን ሆድ የቀደደው ድንጋይ መንገዱን እንደ ሰሌን ጠቅልሎ፣ በትከሻው ተሸክሞ ቁልቁል ይመጣል። ግንባሩ ላይ ጥቁር ዘይት አለ።

«እንደምን ዋልክ፣ አንዳርጌ» አለኝ።

«አንተ! ሆዷን የቀደድካት!»

«እኔ ቁጭ ብያለሁ። የመጣችብኝ እሷ ናት። ይኸው ዘይቷ እስከ ዛሬ አልለቅህ ብሎኛል። ሳሙና ይዘሃል?»

አልያዝኩም። አፈርኩ። ዔሊ ጀርባዬ ላይ ሆና «ደግ አይደለም፣ ሳሙና ልትይዝለት ይገባ ነበር» አለች።

«መንገዱን ወዴት ነው የምትወስደው?» አልኩት።

«ሊማር ይሄዳል። ባሕር ማዶ፣ ዘጠኝ ዓመት። ስለ ሰው ነው የሚያጠናው አሉ።»

«ያለ እሱ አባቴ ጋ በምን እደርሳለሁ?»

ድንጋዩ ከእግሬ ጀምሮ ወደ ላይ አየኝ። ፊቴ ጋ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። «ይህን ሁሉ ቁመት ይዘህ መንገድ ምን ያደርግልሃል?» አለና አለፈ።

እውነቱን ነበር። አቀበቱን በሁለት እርምጃ ጨረስኩት። በሦስተኛው ወንዙን ተሻገርኩ፤ ወንዙ ሽቅብ ይፈስ ነበር፤ ዓሦቹ ዳር ይዘው አሳለፉኝ። እንዲህ ቀላል ከነበረ ምነው እስከ ዛሬ ስለፋ ኖርኩ አልኩ።

አባቴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቹ ጉንዳኖች ናቸው። ተሰልፈው ፊደል ይሆናሉ፤ እሳቸው በጣታቸው እየዳበሱ ያርሟቸዋል። «አንተ፣ እግር አበዛህ። ሃሌታው ሀ ሁን ነው ያልኩህ፤ ሐመሩ ሐ ሁን ብዬሃለሁ እንዴ?» አንዱ ጉንዳን አፍሮ ከመስመሩ ወጣ።

ከላይ ሆኜ ሳያቸው የጥፍር ያህል ነበሩ።

«አባዬ!»

ጣታቸውን ከጉንዳኖቹ አላነሱም።

«አባዬ፣ መጣሁ! ይኸው፣ ከፍ ብያለሁ!»

«ከላይ የሚሰማው ምንድን ነው?» አሉ ለጉንዳኖቹ። «ዝናብ ነው?»

«እኔ ነኝ! አንዳርጌ ነኝ!»

«ዝናብ ነው» አሉ። «በሉ ልጆች፣ ግቡ ግቡ።» ጉንዳኖቹ በአንድ መስመር ወደ ቤት ገቡ፤ ግቢው ውስጥ አንድም ፊደል አልቀረም።

ላጎነብስ ሞከርኩ። ሞላው አዲስ ነው፣ ጠጣር ነው፤ ወደ ታች በተጫንኩ ቁጥር ወደ ላይ ይመልሰኛል። እጄን ከኪሴ በትግል አውጥቼ ዘረጋሁ። ከራሳቸው ላይ ሊደርስ አራት ጣት ሲቀረው ቆመ። አራት የሰው ጣት፤ የራሴ ጣት።

«እኔ ልውረድ?» አለችኝ ዔሊ።

ወረደች። ሆዷ መሬቱን እየፋቀ፣ እንደ እውነተኛ ዔሊ በደረቷ እየተሳበች ደጃፋቸው ደረሰች። አባቴ እጃቸውን ሰደው ጣራዋን ዳበሱ፤ ኮፈኗን ዳበሱ። ፊታቸው በራ።

«መጣህ ልጄ?» አሏት። «ዝቅ ብለህ መጣህ። እኔም እንዲያ ነበር ያልኩህ።»

«እሷ አይደለችም! እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ፤ ጩኸቴ ነጎድጓድ ሆነ። አባቴ ቀና አሉ። በነዚያ ነጫጭ ዓይኖቻቸው ቀጥ ብለው አዩኝ።

«ተነስ» አሉኝ።

«ተነስቻለሁ እኮ አባዬ! ከዚህ በላይ ወዴት ልነሳ?»

«ተነስ! አንዳርጌ፣ ተነስ እንጂ!»

ጋሽ እብሬ ትከሻዬን ይዞ ይነቀንቀኛል። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይዘንባል፤ የክረምት ዝናብ።

«ተነሳች!» አለኝ። ፊቱ ዘይትና ደስታ ብቻ ነው። «አንተ እዚህ ተጋድመህ እሷ ተነሳች!»

ዔሊ ከክሪኩ ወርዳ መሬት ላይ ቆማለች። ሞተሯ እንደ ንብ ቀፎ ያዜማል። ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር አይሞላም፤ ልክ እንደ ድሮው።

«ሞተር ማስነሻዋ ነበር የሞተው» አለ። «ሦስት ቀን ሙሉ ፈታታሁት። ከእንግዲህ ማንም አይገፋትም። ቁልፉን ብታሳያት ትነሳለች!»

«ጋሼ... ሞላዎቹስ?»

«የቶቹ ሞላዎች?»

የኋላውን በር ከፍቼ አሳየሁት። ካርቶኑ እንደታሸገ ነው። አቧራ እንዳይነካው ንጹሕ ጨርቅ አልብሶታል።

«እሱንማ አልነካነውም!» አለ ቀና ብሎ። «እብሬ ጋራዥ የሰው ዕቃ አይነካም።»

ከዚያ ፊቴን አየ። ካርቶኑን አየ። ጎንበስ ብሎ የመኪናዋን ሆድ አየ።

«ከፍ እንድትልልህ ነበር እንዴ የፈለግኸው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ታዲያ ከፍ አድርጋት አትለኝም ወይ? የኔ ጌታ፣ መኪና ተነሳ ማለትና ከፍ አለ ማለት አንድ ነው? የተማርክ ሰው!»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሁለት ቀን።» ዝናቡን አየ። «ረቡዕ ትወስዳታለህ።»

አባቴ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፤ አያነሱም። ደግሜ ደወልኩ። አያነሱም።

«ዛሬ የተነሳችው መኪናዋ ብቻ ናት» አለ ጋሽ እብሬ ሊያስቀኝ ብሎ። አልሳቅሁለትም። ቁጭ ብሎ የላስቲክ ቦቱን አወለቀና እግሬ ሥር አስቀመጠው። «እስከ ድንጋዩ ድረስ ታደርስሃለች። ከዚያ ወዲያ በእግርህ ነህ። ወንዙ ሳይሞላ ከተሻገርክ በቅሎ አይጠፋም፤ ነገ በቅሎ ላይ አድርገህ ታወርዳቸዋለህ። ሂድ፣ ምን ይገትርሃል?»

ቦቱ ይሰፋኛል። መሪው ጋ ተቀመጥኩና ስልኬን አወጣሁ። «አባዬ፣ ተነስቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ፤ ጎረቤት ያነብላቸው ይሆናል። አነበብኩት፤ አልበቃኝም። «በእግሬ ነው የምመጣው» የሚል ጨመርኩበትና ላክሁት። ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን በአንድ መስመር ተሰልፈው ሄዱ።

እኔም ማርሽ አስገባሁ።