እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው

ልጆች ያሉት አባት ሁሉ አንድ ባላንጣ አለው፤ እሱም የሚስቱ ወንድም ነው። ባላንጣ ስላችሁ ቂም ቋጥሮ የሚያደባ ሰው እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ሲያገኛችሁ አቅፎ የሚስም፣ "ጋሼ" እያለ የሚያከብር፣ ሻንጣችሁን ከእጃችሁ ቀምቶ የሚሸከም ነው። ችግሩ ሻንጣውን ብቻ ቀምቶ አለመተዉ ነው። ልጆቻችሁንም ይቀማል።

የኛ ቤቱ "ክቡር አጎት" ይባላል። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ስድብ መሆኑ እስካሁን አልገባውም። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ሰዓት የለው። እሱ በር ሲያንኳኳ ልጆቼ የያዙትን ጥለው እየተገፈታተሩ ይሮጣሉ። እኔ ከሥራ ስገባ ግን "አባዬ፣ በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባ" ነው የምባለው።

ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት ቤተሰቡን ይዤ በጥንታዊ ፍርስራሾቿ ወደምትታወቅ ከተማ ለመሄድ ወሰንኩ። ሐሳቡ የኔ ነበር፤ ይሄ ይታወቅልኝ። ሥራዬ ማተሚያ ቤት ውስጥ እርማት ነው። ሌላው የጻፈውን እያነበብኩ ስህተት ስለቅም እውላለሁ፤ ቤት ስገባ ዓይኔም አፌም ደክሞ ከልጆቼ ጋር የማወራው "የቤት ሥራ ተሠራ?" ብቻ ሆኗል። ስለዚህ ስለ ከተማዋ ግንብ፣ ስለ በሮቿ፣ ከመሬት በታች ስላለው የጥንት የውሃ ማጠራቀሚያ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ምኞቴ ትንሽ ነበር። የስድስት ዓመቷ ልጄ እጄን ይዛ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ "ከዚያስ አባዬ?" እንድትለኝ ነው የፈለግሁት። አንድ ጊዜ ትበቃኝ ነበር።

በጉዞው ዋዜማ ባለቤቴ ልብስ እያጣጠፈች "ወንድሜም ይመጣል" አለችኝ።

"የት?"

"ከኛ ጋር ነዋ! ልጆቹ እኮ ናቸው የለመኑት።"

"ምን አስፈለገ? እኔ አለሁ አይደል እንዴ?"

"አንተማ አለህ" አለችና ማጣጠፏን ቀጠለች።

ክቡርነታቸው በማግስቱ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል እያለከለኩ ደረሱ። ባዶ እጃቸውን ነበር፤ የጥርስ ብሩሽ እንኳ አልያዙም። "ጋሼ፣ አንተ ካለህ ምን ይጎድላል ብዬ እኮ ነው!" አለና በሁለቱ ልጆቼ መሃል ተደላድሎ ተቀመጠ። እኔ ምሳ ከታጨቀበት ሻንጣ ጋር ጎን ለጎን ተጓዝኩ።

መጀመሪያ የደረስነው ከግንቡ ጥንታዊ በር ነው። ጉሮሮዬን አሟሸሁና ጀመርኩ። "ይህ በር የጠበበው በምክንያት ነው። ነጋዴዎች ከነከብቶቻቸው ሲመጡ አንድ በአንድ እያለፉ ቀረጥ እንዲከፍሉ ታስቦ…" ወንዱ ልጄ መንጋጋው እስኪላቀቅ አዛጋ። ሴቷ አንድ እግሯ ላይ ቆማ ጫማዋ ውስጥ የገባ ጠጠር ትፈልጋለች። ይሄኔ ከኋላዬ ድምፅ ተሰማ።

"እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው።"

ያስረጀችኝ ይህቺ ዓረፍተ ነገር ናት። ከየት ሰማ? ከማን? አንድም ቀን የጠየቀው ሰው የለም። "እኔ የሰማሁት፣ በረኛው በጣም ወፍራም ሰው ነበር አሉ። ሥራውን እየጣለ ሲጠፋ ንጉሡ ተናደዱና 'በሩን በሱ ልክ አጥብቡት!' ብለው አዘዙ። ሰውዬው እዚሁ ተወትፎ ቀረላችኋ! ፍየሎቹ በእግሮቹ መሃል ነበር ሹልክ የሚሉት።"

"ከዚያስ አጎቴ?" አለች ልጄ።

ሰማችሁልኝ? "ከዚያስ" አለች። የኔን "ከዚያስ"!

ከዚያማ ምን ይነገራል። ልጄ እጆቿን ዘርግታ በሩ ላይ ተወተፈች፤ ወንድሟ ቀረጥ ሰብሳቢ ሆነ፤ አጎትየው በአራት እግሩ ሄዶ ፍየል ሆነ። የማናውቃቸው ጎብኚዎች ሳይቀሩ ከረሜላ እየከፈሉ አለፉ። አላስቻለኝም። "ልጆች፣ ለነገሩ እንዲህ ያለ በረኛ አልነበረም። ንጉሥም አልነበረም፤ ከተማዋን ያስተዳድር የነበረው ምክር ቤት ነው" አልኩ። ጨዋታው እዚያው ቀጥ አለ። ፍየሉ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሳ።

"ምናለ ብትተዋቸው?" አለች ባለቤቴ። ምን ላድርግ፣ ስህተት አይቼ ማለፍ አልችልም፤ እንጀራ የምበላበት ሥራዬ ነው።

ግንቡ ላይ ስንወጣም ያው ነው። እኔ ስለ ቀስት መወርወሪያ ቀዳዳዎቹ አስረዳሁ፤ እሱ የሰማው ግን የወታደሮቹ አማቶች ማን አምሽቶ እንደሚገባ የሚሰልሉበት መሆኑን ነው። እኔ አቀበቱን ሻንጣ ተሸክሜ ወጣሁ፤ እሱ ልጄን እሽኮኮ ብሎ ወጣ። ፎቶ አንሺው እኔ ስለሆንኩ በፎቶዎቹ ሁሉ ላይ ልጆቼን አቅፎ የሚስቀው እሱ ነው። የኔ ድርሻ በአንዱ ፎቶ ጥግ ላይ ያረፈ ጥላ ነው።

ከግንቡ ስንወርድ አይስክሬም የምትሸጥ ሴት አየቻቸውና "እንዴት ያለህ አባት ነህ! ልጆችህ ታድለዋል" አለችው። ክቡር አጎት ዓይኑን በጨው አጥቦ "አመሰግናለሁ እናቴ" አላት። እሷ ደግሞ ወደኔ ዞር ብላ፣ በአክብሮት ጎንበስ እያለች፣ "ለአያታቸውስ የቱን ልስጥ?" አለች።

ቀናሁ። ቃሉን ማድበስበስ አልፈልግም፤ ጥርሱን በኔ ብሩሽ ሊቦርሽ ባሰበ ጎረምሳ ቀናሁ። እሱ ሲዋሽ የልጆቼ ዓይን ቦግ ይላል፤ እኔ እውነቱን ስናገር ድርግም። እኔ ያሳደግኋቸውን፣ እኔ ሲታመሙ ያቀፍኳቸውን፣ እሱ በአንድ ወፍራም በረኛ ወሰዳቸው። አይስክሬሙን ጥርሴን ነክሼ በላሁ፤ ለካ አይስክሬም ጥርስ ተነክሶ አይበላም።

ተስፋዬ የውሃ ማጠራቀሚያው ብቻ ነበር። በሚያዳልጥ ደረጃ ወደ ታች ይወረዳል። ከታች ጥቁር ውሃ ተኝቷል፤ ከውሃው ውስጥ ምሰሶዎች ተሰልፈው ጣሪያውን ተሸክመዋል፤ በመሃላቸው በጠባብ የእንጨት መተላለፊያ ይኬዳል። ክቡር አጎት ደረጃው ላይ ቆም ብሎ "ጋሼ፣ የግድ መውረድ አለብን?" ማለቱ ትዝ የሚለኝ ኋላ ነው። እኔ ቀድሜ መሃል ደርሼ ነበር። "እነዚህ ምሰሶዎች…" ብዬ ሳልጨርስ መብራቱ ድርግም አለ።

ዓይን ቢወጉ የማይታይ ጨለማ ሆነ። ከላይ የጥበቃው ድምፅ "ባላችሁበት ቁሙ! አሁን ይመጣል!" ሲል አስተጋባ። ከኋላ ባለቤቴ "ትልቁ እኔ ጋ ነው!" አለች። ወዲያው አንድ እጅ ጨለማውን ዳብሶ እጄን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ልጄ ናት ብዬ ልቤ በደስታ ዘለለ። ከዚያ እጁ ትልቅ እንደሆነ፣ ፀጉር እንዳለው፣ በላብ እንደተጠመቀ ታወቀኝ።

"ጋሼ… አንተ ነህ?"

"ነኝ።"

"በናትህ እንዳትለቀኝ። ጨለማ አልችልም። ከድሮም አልችልም።"

ከሱ ወዲያ ማዶ፣ ልጄ ሌላኛውን እጁን ከያዘችበት ቦታ፣ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። "አይዞህ አጎቴ። አባዬ ቦታውን በደንብ ያውቀዋል። አንብቦታል።"

በጨለማው ውስጥ ወደ ልጄ ድምፅ ዞርኩ።

"አውራ እንጂ ጋሼ!" አለኝ። "ዝም ስትል ይብሳል። የምሰሶውን ጨርስልኝ።"

አወራሁ። ምሰሶዎቹ ከፈረሱ አሮጌ ሕንፃዎች ተለቅመው እንደመጡ፣ ስለዚህ አንዱ ወፍራም ሌላው ቀጭን እንደሆነ፣ አጭሩ ድንጋይ ላይ እንደቆመ ነገርኳቸው። ማንም አላዛጋም፤ ቢያዛጋም አይታየኝም። አጎትየው "ማን ተሸከማቸው? እንዴት አወረዷቸው?" እያለ ያጣድፈኛል። እንዲህ ያለ ተማሪ አግኝቼ አላውቅም። ግን ያነበብኩት አለቀ፤ መብራቱም አልመጣ።

"ከዚያስ?" አለ።

"በቃ፣ አለቀ።"

"እንዴት ያልቃል! መብራቱ እኮ አልመጣም!" እጄን ይበልጥ ጨመቀው። ያ እዚህም እዚያም የሚያወናጭፈው፣ ልጄን እሽኮኮ ያወጣበት እጅ፣ እንደ ሕፃን እጅ ሲጣበቅብኝ አንጀቴን በላው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው" አልኩ።

የልጄ ጫማ በእንጨቱ ላይ ወደኔ ሲጠጋ ሰማሁ።

"አጭሩ ምሰሶ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው አሉ። ታላላቆቹ ጣሪያ ሊሸከሙ ሲወርዱ 'እኔም ካልሄድኩ' ብሎ አለቀሰ። 'አትደርስም፣ እቤት ቆይ' አሉት። እምቢ አለ። ባዶ እጁን፣ ምንም ሳይዝ፣ ተከትሏቸው መጣ። ሲደርስ እውነትም አጠረ…"

"ከዚያስ አባዬ?"

አንድ ጊዜ ትበቃኛለች ያልኳት ይህቺ ናት።

"ከዚያማ፣ ታላቁ አዘነለትና ድንጋይ ፈልጎ ከእግሩ ሥር…" ስል መብራቱ መጣ። መብራት በመምጣቱ የተናደድኩት በዕድሜዬ ያኔ ብቻ ነው። አጎትየው እጄን ለቀቀና ሱሪው ላይ ላቡን ጠረገ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ፀሐይ ላይ ስንወጣ ግን ቀለሙ ተመልሷል። "ጋሼ እንዳይፈራ ብዬ እኮ ነው እጁን የያዝኩት" እያለ ለባለቤቴ ያወራል። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ስህተት አይቼ የማላልፈው ሰውዬ፣ ያችን አለፍኳት።

ሰሞኑን ለሚመጣው ዕረፍት ሌላ ከተማ መረጥኩ። ለባለቤቴ ሳልነግር መጀመሪያ የደወልኩት ለሱ ነው።

"የጥርስ ብሩሽ ገዝቼልሃለሁ" አልኩት። "የሚጎበኘው ከመሬት በታች ያለ ጥንታዊ መንደር ነው።"

"መብራት አለው?"

"አለው። አንዳንዴ ይጠፋል ይባላል።"

"ከጎኔ የምትሆነው አንተ ነህ አይደል ጋሼ?" አለኝ።

"ሌላ ማን አለህ?" አልኩት። ስልኩን ስዘጋ ስለ መንደሩ ምንም ማንበብ አልጀመርኩም፤ ምን ምን እንደሰማሁ እያሰብኩ ነበር።