መላኩና የእሱ «ፕሮሰስ»

«ፕሮሰስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ያውቁታል አይደል? ተሳስተዋል፤ መላኩን ካላወቁ አያውቁትም። ይህ የሐይቅ ከተማ ባጃጅ ነጂ ቃሉን ከአምባሰል ተራራ በላይ አስረዝሞታል። የተሰበረው መስታወትስ? ፕሮሰስ ላይ ነው። የሚያፈሰው የቤቱ ጣሪያስ? ፕሮሰስ ላይ ነው። ስለ ፍሬኑማ ይህንኑ እንዳይለኝ ፈርቼ ጠይቄው አላውቅም።

ባለፈው በባጃጁ ተሳፍሬ ወደ ገበያ ስንወርድ የሚወዳት እታለም አስቁማን ከጎኔ ገባች።

«መላኩ፣ እሁድ አባቴ ሽማግሌ ሊቀበል ነው።»

«የማንን?»

«ያንተ ከመጣ ያንተን፤ ካልመጣ የዚያን የወልድያ ነጋዴ። የኛ ነገር ከምን ደረሰ?»

«ፕሮሰስ ላይ...»

«ወግድ! በአማርኛ ንገረኝ!»

መላኩ መሀል መንገድ ላይ ሞተሩን አጠፋ። ከኋላችን የቆመው የመኪና ሰልፍ ደሴ ሳይደርስ አልቀረም።

«ፈራሁ» አለ በመጨረሻ። «አባትሽ እምቢ ቢሉኝ በየት በኩል አልፋለሁ?»

አንጀቴን በላው። ለመሆኑ ፍርሃታችንን የፈረንጅ ካፖርት የማናለብስ ስንቶቻችን ነን?

እታለም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔም እኮ ፈርቻለሁ። ግን መጀመሪያ ጠይቀህ እምቢ ይበሉህ።»

ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ንጹሕ ጋቢ አለዎት?»