የቶሎሳ መጋዝ ሆዱ ሲሰፋ

እኛ አዳማዎች በልካችን መኖር ካቆምን ቆይተናል። አራት ወንበርና አንድ ማቀዝቀዣ ያለው ቁርስ ቤት ግንባሩ ላይ «ኢንተርናሽናል» ብሎ ይጽፋል። ሦስት ሰው በጭንቅ የሚይዝ ባጃጅ ከኋላው ሠርግ ቤት የሚያናውጥ ድምፅ ማጉያ ይጭናል፤ ሾፌሩ ታዲያ «ወራጅ አለ» ሲባል ስለማይሰማ ተሳፋሪውን ሁለት መንገድ አሳልፎ ያወርደዋል። ጎረቤቴ የአንድ ክፍል ቤቱን ሳይነካ በሩን ብቻ አስለውጦ የመጋዘን በር የሚያክል ብረት ገጥሟል፤ በሩ በተዘጋ ቁጥር ግድግዳው አብሮ ይንቀጠቀጣል። አትሳቁ፣ እናንተም ቤት ያለ ነገር ነው። እኔም ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መነጽሬን በሰፊ ክፈፍ ያስቀየርኩት ዓይኔ ስለደከመ አልነበረም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ቶሎሳ የሚባል የድሮ ተማሪ አለኝ። ሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እኔ «ልጁ ኳሱን መታ፣ ኳሱ በልጁ ተመታ» እያልኩ ሰሌዳ ስሞላ እሱ በመስኮት አሻግሮ ዛፍ ያይ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ከሁለታችን የሚረባ ነገር ይሠራ የነበረው እሱ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ዛሬ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ሆኗል፤ እንጀራውም ዛፍ መቁረጥ ነው። ጣሪያ ላይ ያዘነበለ ባሕር ዛፍ፣ የመብራት ሽቦ ላይ የተኛ ቅርንጫፍ፣ ማሳ መሀል የደረቀ ግራር ሲኖር ከአዳማ እስከ መቂና ባቱ የሚጠራው ቶሎሳ ነው። መንገድ ላይ ካየኝ ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ በኦሮምኛ ሰላምታ «አካም ጂርቱ ቲቸር» ይለኛል። ቲቸር ሲለኝ ቁመቴ ይጨምራል።

የቶሎሳ የሞተር መጋዝ ትንሽ ናት። ትንሽ ብትሆንም ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላሳፈረችውም። ችግሩ የመጣው አምና ከወደ ባቱ አንድ ቆራጭ ጥጃ የሚያክል መጋዝ ይዞ ብቅ ሲል ነው። የሰውየው መጋዝ ሲነሳ ሁለት ሰፈር ይሰማል። ደንበኛን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሥራን የሚመዝነው በጆሮው ነው። ቶሎሳ መጋዙን ከጆንያ ሲያወጣ «ይቺ ናት እንዴ?» ይሉት ጀመር። በዚችው በ«ይቺ ናት እንዴ» ብቻ ሦስት ሥራ አመለጠው። ቶሎሳ ተጨነቀ፤ ከሳም።

አዲስ መጋዝ ለመግዛት አቅም የለውም። አንድ ወዳጁ መላ አመጣለት፦ የመጋዟን አካል ሳትነካ ውስጧ ያለውን ሲሊንደርና ፒስተን አውጥተህ ሆዱ ሰፋ ያለ ትገጥምበታለህ፤ ከውጭ ያችው፣ ከውስጥ ግን ጉልበቷ ሌላ ትሆናለች። ሐሳቡ ስሰማው ደስ አለኝ። መሥሪያ ቤቶቻችን ሲታደሱ የለመድኩት ተቃራኒውን ነበር፤ አጥሩ ቀለም ይቀባል፣ ወንበሩ ይለወጣል፣ ጉዳይህ ግን ያው «ነገ ተመለስ» ነው።

ዕቃው በአንድ ነጋዴ በኩል ከአዲስ አበባ መጣ። ቶሎሳ ይዞት የሄደው ሸምሱ ጋ ነው። ሸምሱ ከገበያው ጀርባ ሞተር ሳይክልና የሽንኩርት ገበሬዎችን የውኃ ፓምፕ የሚጠግን፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ሞተርን አዳምጦ በሽታዋን ይነግርሃል፤ እንግሊዝኛ ግን አያነብም። ከሳጥኑ ውስጥ መዳፍ የማታክል፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈች ወረቀት ወጣች። ቶሎሳ ወዲያው እኔን አስጠራኝ።

ወንበር ተጠረገልኝ። ለስላሳ ተከፈተልኝ። ሞተራቸውን ሊያሠሩ የመጡ ሁለት ሰዎችም ቀረብ አሉ። ወረቀቷን ራቅ አድርጌ ያዝኩና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች እንደ ውኃ ጠጣኋቸው፦ ሲሊንደሩን አጽዳ፣ ብሎኖቹን እኩል አጥብቅ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ አታስጩኸው። አራተኛው መስመር ላይ፣ ስለ ሲሊንደሩ ቀዳዳዎች በሚያወራ ዓረፍተ ነገር መሀል፣ «ቻምፈር» የሚባል ቃል ተቀምጦ ያየኛል። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ተገናኝተን አናውቅም።

አላውቀውም ማለት ይቻል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ግን እስቲ እናንተ ለስላሳው እጃችሁ ላይ ሆኖ፣ አራት ሰው አፋችሁን እያየ፣ አንደኛው ደግሞ የገዛ ተማሪያችሁ ሆኖ፣ «አላውቅም» በሉ።

«ቀዳዳዎቹን ከመግጠማችሁ በፊት ዘይት ቀቧቸው ነው የሚለው» አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ቤቴ ገብቼ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ቃሉ ሹል ጠርዝን ሞርዶ ማለስለስ ማለት ሆኖ ተገኘ። ዘይት የሚባል ነገር በአጠገቡም አላለፈም። ተመልሼ ልነግራቸው ጫማዬን አደረግሁ። ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ፤ የተማረ ሰው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሸምሱ የሃያ ዓመት ባለሙያ ነው፣ ጠርዙን ራሱ ያየዋል አልኩ። ደግሞስ ዘይት ብረትን ምን ይጎዳዋል አልኩ። ደግሞስ እስካሁን ገጥመው ጨርሰዋል አልኩ። ጫማዬን አወለቅሁ።

መጋዟ በማግሥቱ ተነሳች። ድምጿ ጎረነነ። ቶሎሳ አላፊ አግዳሚው እንዲሰማለት መንገድ ዳር እያስነሳ ይቆማል ሲሉ ሰማሁ። ሁለት ሳምንት አንድ ችግር ሳይገጥመው ግንድ ሲቆራርጥ ሰነበተና እኔም የመዝገበ ቃላቱን ነገር ረሳሁት። በእርግጥ አልረሳሁትም፤ ረስቼዋለሁ ማለት ለመድኩ።

እትዬ አስካለ ባላቸው የሞተባቸው፣ ካላቸው ሁለት ክፍል አንዱን እያከራዩ የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ፣ ከኋላው መንገድ ዳር፣ የደረቀ ትልቅ ባሕር ዛፍ ወደ ጣሪያቸው አዘንብሎ ነበር። የአዳማ ነፋስ ከሰዓት በኋላ ሲነሳ ዛፉ ሲጢጥ ይላል፤ ያን ጊዜ እትዬ አስካለ በርጩማቸውን ይዘው ደጅ ይወጣሉ። ሊያስቆርጡት ሲወስኑ የባቱውን ሰው ልጥራ ወይስ ቶሎሳን ብለው አማከሩኝ። ቶሎሳን አልኳቸው። ጨዋ ነው፣ መጋዙም አሁን አድጋለች አልኳቸው።

ቶሎሳ ጠዋት መጥቶ ገመድ አሰረ፣ ዛፉን ዞሮ ዞሮ አየ፣ ወደ መንገዱ እንዲወድቅ አድርጎ ጀመረ። መጋዟ ግንዱን እንደ ዳቦ ትቆርጠው ጀመር። የሰፈሩ ሰው ቆሞ ያደንቃል፣ እኔም ከፊት ቆሜ ያስተማርኩት ልጅ መሆኑን ለማያውቅ እነግራለሁ። ከግማሽ ካለፈ በኋላ መጋዟ አንድ ጊዜ ጮኸችና ቀጥ አለች። ቶሎሳ የማስነሻውን ገመድ ሳበ፣ አልንቀሳቀስ አለው። እንደገና ሳበ። በዚህ መሀል ዛፉ ትንሽ ተቀመጠና የመጋዙን ምላስ፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት፣ ነክሶ ያዘ። ግማሹ የተቆረጠ፣ መጋዝ የነከሰ ዛፍ ከእትዬ አስካለ ጣሪያ በላይ ቆመ። ነፋሱም ሰዓቱን ጠብቆ መጣ።

ሰው ዕቃ ማውጣት ጀመረ። አልጋው፣ የጤፉ ጆንያ፣ የተከራይዋ ቴሌቪዥን በፊት በር በኩል ደጅ ተኮለኮለ። እትዬ አስካለ ግን ዕቃውን አላዩም። ዛፉን እያዩ ክንዴን ያዙኝ።

«ቲቸር፣ ይወድቅብኛል እንዴ?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እጃቸውን ከክንዴ ሳላላቅቅ ከዛፉ ራቅ አደረግኋቸው።

ሽንኩርት ሊጭን ወደ መቂ የሚሄድ የጭነት መኪና ተለምኖ ቆመ፤ ገመዱ ከኋላው ታሰረና ዛፉን ወደ መንገዱ ወጥሮ ያዘው። ሸምሱ ተጠርቶ በሞተር ሳይክሉ ደረሰ። የድሮውን ትንሽ ሲሊንደር ከነፒስተኑ በፌስታል ይዞት መጥቷል፤ አልጣለውም ነበር። ሞተሩን ከምላሱ ፈትቶ እዚያው አፈር ላይ ተንበረከከና ሆደ ሰፊውን አውጥቶ የጥንቱን መለሰ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ያን ሁሉ ጊዜ ቶሎሳ ከዛፉ ሥር ሆኖ ፊቱ ላብ በላብ እየሆነ በቆረጠው ክፍተት እንጨት እየሸጎጠ ይመታል፤ ሂድ ቢሉት አልሄድ አለ። በመጨረሻ ያቺ የምናውቃት ቀጭን ድምፅ ተሰማች። ዛፉ ተሰነጠቀ፣ አቃሰተ፣ ወደ መንገዱ ዞሮ ወደቀ። የወሰደው የማድ ቤቱን አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው። እትዬ አስካለ ደጅ በወጣው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ።

ሸምሱ የወጣውን ሲሊንደር አገላብጦ ካየ በኋላ ወደ እኔ አመጣው። የጭስ መውጫው ቀዳዳ ጠርዝ እንደ ምላጭ ነበር። የፒስተኑ ቀለበት እሱ ላይ እየተጫረ ሰንብቶ፣ በመጨረሻ ተይዞ ተሰብሯል።

«ጠርዙን በጣቴ ነክቼው ነበር። ልሞርደው ስል ቶሎሳ ወረቀቱ ዘይት ብቻ ነው የሚለው አለኝ። እውነት ስለ ጠርዙ የሚል ነገር የለውም ነበር?» አለኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ቶሎሳ ቀደመኝ። ቲቸር አንብበውታል፣ ቢኖር ኖሮ አይነግሩንም ነበር ወይ፣ ዕቃውን የሠሩት ሰዎች ናቸው የደበቁት አለ። ሸምሱ አንገቱን ነቀነቀ። ሃያ ዓመት ጣቱን ያመነ ሰው ጣቱን በእኔ ወረቀት ለወጠ፣ አሁን ደግሞ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ሊሆን ነው። እኔ ደግሞ ሳላርማቸው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ይህንን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ሦስት ቀን አልቻልኩም። በአራተኛው ጠዋት መዝገበ ቃላቱን በብብቴ ይዤ ቶሎሳ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ቃሉን እንደማላውቀው፣ ዘይቱን ከራሴ እንዳመጣሁት፣ ቤቴ ገብቼ ትርጉሙን እንዳገኘሁ፣ ጫማዬን አድርጌ እንዳወለቅሁ። አንገቱን ደፍቶ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ተነስቶ ትከሻዬን ሳመ።

«ገብቶኛል ቲቸር፤ ይሄን የሚሉት እኔ ሰው ፊት እንዳላፍር ነው» አለኝ።

መዝገበ ቃላቱን ገልጬ ቃሉን በጣቴ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየና ቅጠሉን በጥንቃቄ አገላበጠው።

«መጽሐፉ አርጅቷል ቲቸር» አለ።

ከዚያ በኋላ ለሸምሱም ነገርኩት። እሱስ ያምነኛል ብዬ ነበር፤ ግን ቶሎሳ አስቀድሞ ነግሮት ኖሮ ጥፋትን በራስ ላይ መጫን የትልቅ ሰው ሥራ መሆኑን ገለጸልኝ። እሑድ በእድር ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ እንደ ቲቸር ያለ ትሑት ሰው በሰፈራችን መኖሩ ኩራት ነው አለ፣ ተጨበጨበልኝ። አንድ ውሸት ሳልለማመድ በአንድ ትንፋሽ ብናገር አመኑኝ፤ እውነቱን ግን ማስረጃ ይዤ ቤት ለቤት ብዞር የሚቀበለኝ ጠፋ።

ባለፈው ማክሰኞ እትዬ አስካለ መጡ። የተነቀለው ቆርቆሮ ተመልሶ ተመትቷል፣ እሳቸውም ደኅና ናቸው። ለደም ግፊታቸው አዲስ መድኃኒት ታዞላቸው ከእሽጉ ውስጥ የወጣችውን ቀጭን ወረቀት ይዘው ነበር። እኔ የመድኃኒት እንግሊዝኛ አላውቅም፣ ፋርማሲ አብረን እንሂድና ባለሙያዋ ታስረዳዎት አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ፣ ቶሎሳ ነግሮኛል፤ እርስዎ እንዲህ ነዎት፣ ራስዎን ዝቅ ያደርጋሉ» አሉ። ወረቀቷን መዳፌ ላይ አስቀመጡና ወንበር ስበው ተቀምጠው ይጠብቁኝ ጀመር።