የአጥንት ሲኒ

ሲኒ ገልባጭ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ንፋስ መውጫ አንድ አለን። ሻይ ስትጋብዙት ከሻዩ ይልቅ የሲኒው ዕድሜ ነው የሚያስጨንቀው።

ባለፈው ሁዳዴ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አክስቴ በሠርጓ ሲኒ ቀዳችለት። ጨልጦ ገለበጠው። ከሥሩ ያለውን ማኅተም በስልኩ አጉልቶ አነበበ፤ ወደ መስኮቱ ቢያነሣው የጣቶቹ ጥላ በወዲያ በኩል ታየ።

«እውነተኛ ነው! የአያቶቻችን ዘመን ሥራ! የተቃጠለ የከብት አጥንት አመድ ከሸክላው ጋር ተቦክቶ የተሠራ!»

አክስቴ ክው አለች። «ለካ ዕድሜዬን ሙሉ ስገድፍ ነው የኖርሁት!»

እኔም በዚያው ሲኒ በስንት ጾም እንደጠጣሁ በጣቴ መቁጠር ያዝሁ። የነፍስ አባቷ ተጠሩ።

«አባ፣ አጥንት አለበት አሉኝ። ጾሜ ፈረሰ?»

ሲኒውን አገላብጠው አዩና የከሳ ክንዳቸውን ዳበስ አደረጉ።

«የኔንስ አጥንት ሁዳዴ ሲገባ የት ላስቀምጠው ልጄ? በይ ቅጂልኝ።»